አያስፈልገኝም የሚለው ደብዳቤ

ልጄ አራት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ሲቀሯት ማጅራት ገትር ያዛት። ከሞት ተረፈች፤ ጆሮዋ ግን አልተመለሰም። ስጠራት ዞር አለማለቷን እያየሁ «ከሕመሙ ገና አላገገመችም፣ አኩርፋ ነው» እያልሁ ለብዙ ሳምንታት ራሴን ስሸነግል ቆየሁ። እውነቱን ፊት ለፊት የነገረችኝ አበልጄ ናት፤ ልጄን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሳቻት፣ ግድግዳ ተጋርተን የምንኖር ጎረቤቴ። አንድ ቀን ከልጄ ጀርባ ቆመችና የድስት ክዳን በጭልፋ መታች። ልጄ ወረቀቷ ላይ መሞነጫጨሯን ቀጠለች። አበልጄ ክዳኑን አስቀምጣ እጄን ያዘችኝ።

«እኅቴ፣ ይቺ ልጅ አትሰማም» አለችኝ። «ማልቀስሽን አልቅሽ። ከዚያ በኋላ አብረን እናሳድጋታለን።»

እንዳለችውም አብረን አሳደግናት። ይህን አስቀድሜ የማነሳው፣ የኋላው ታሪክ ሲመጣ ሰው ከመጀመሪያውም ክፉ ነበረች እንዳይላት ነው። አልነበረችም።

የልጄ አባት በዚያው ዓመት ወደ ወግዲ ተዛወረ፤ እዚያ ሌላ ቤት አለው። እኔ መካነ ሰላም ቀረሁ፣ ሒሳብ አስተምራለሁ። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት መስማት ለተሳናቸው የሚሆን ክፍል ስላልነበረ ልጄ ሰባት ዓመት ሲሞላት ደሴ እኅቴ ቤት ላክኋት። የምልክት ቋንቋ የተማረችው እዚያ ነው። ክረምት ክረምት ስትመጣ እኛን ታስተምረናለች። አበልጄ ከመንገዱ ዳር ባለው ክፍሏ ፎቶ ኮፒ ቤት ስላላት፣ ሦስታችን ወረቀቱ መካከል ተቀምጠን ጣታችንን እናጣምም ነበር። እኔ ዘገምተኛ ተማሪ ነበርሁ፤ ግን ቀስ እያልሁ ገባኝ። አበልጄ ሠላሳ ያህል ምልክት ይዛ ቆመች፦ ብዪ፣ ነይ፣ ቆንጆ፣ ዝናብ፣ የት ነሽ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ለሚወዱት ሰው የራሱ የሆነ የስም ምልክት ያወጡለታል። ልጄ ለአበልጄ ያወጣችላት ሁለት ጣት አጥፎ ዓይን ላይ ማድረግ ነው፣ ስለ ወፍራም መነጽሯ።

አሁን ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። የሰው እናት ልጇን ስትናፍቅ ደውላ ድምጿን ትሰማለች። ለእኛ ድምፅ ምን ያደርግልናል? በጽሑፍ እንጻጻፋለን፤ ግን ጽሑፍ ፊት የለውም። ያለን በቪዲዮ መደወል ብቻ ነው። ችግሩ ደግሞ የስልኩ ኔትወርክ ነው። የሚሰማ ሰው ምስሉ ቢቆምበት ድምፁን ይዞ ይቀጥላል። እኛ ምስሉ ሲቆም ንግግሩ ያልቃል። የልጄ እጅ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል፣ ስትመለስ ሌላ ዓረፍተ ነገር ላይ ናት፣ «ድገሚልኝ» እላለሁ፣ ስትደግመው እንደገና ይቆማል። እኔ ደግሞ ከግቢ ወጥቼ ስልኩን ከፍ አድርጌ ካልያዝሁ ኔትወርኩ አይመጣም፤ ስልክ በአንድ እጅ ተይዞ በቀረው አንድ እጅ ምን ሊወራ ነው?

ዓምና አንድ ከሰዓት እያወራን ሳለ ምስሉ ቆመ። እጇ ሆዷ ላይ ነው፣ ፊቷ ተጨማዷል። ከዚያ መሥመሩ ተቋረጠ። እኅቴ ስልክ አታነሳም። በማግሥቱ ርእሰ መምህሩን አስፈቅጄ በጠዋት መኪና ተሳፈርሁ፤ አቀስታ እስክንደርስ ድረስ ስለት እየተሳልሁ። ደሴ ስገባ ልጄ ልብስ እያጠበች አገኘኋት። ለካስ የነገረችኝ መምህሯን ክፍል ውስጥ ሆዱን ሲቆርጠው እንዴት እንዳደረገ ነው፤ እሱን እየቀዳች ነበር። ስቄ ስቄ ማልቀስ ጀመርሁ።

ተመልሼ ይህን ለአበልጄ ስነግራት መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። «ይሄ ነገርማ መላ ሊፈለግለት ይገባል» አለች።

መላው የመጣ የመሰለን ክረምቱ እንዳለፈ ነው። ሠራተኞች በዋናው መንገድ ምሰሶ ለምሰሶ ጥቁር ገመድ ሲዘረጉ አበልጄ ሱቋን ዘግታ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። በክፍሌ መስኮት በኩል እጇን አወዛወዘችልኝ። ደንግጬ ስወጣ፣ «ፋይበር መጣ!» አለችኝ። «ለአንቺ ካልገባ ለማን ሊገባ ነው?»

ባለሙያው ጎልማሳ የደጎሎ ሰው ነበር፣ ሲያስረዳ የማይሰለች። በአበልጄ በረንዳ ላይ ሻይ አቅርበንለት ሰፈርተኛው ተሰበሰበ። ከገመዱ ቁራጭ ልጦ አሳየን። ጥቁሩ ጎማ፣ ከሥሩ ነጭ ልባስ፣ መጨረሻ ላይ ፀጉር የምታህል ክር። መስታወት ናት አለን። እስክሪብቶ ከመሰለ መሣሪያ ቀይ ብርሃን ባንደኛው ጫፍ ሲለቅባት በሌላኛው ጫፍ ነጥብ ሆኖ ወጣ። እንደ ልጆች ተሻማን።

«የድሮው የስልክ ሽቦ መዳብ ነው» አለ። «የሚሸከመው ኤሌክትሪክ ነው፤ ከጣቢያው በራቀ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል። የእናንተ ሰፈር ጫፍ ላይ ስለሆነ የሚደርሳችሁ ትርፍራፊው ነው። ከማማው በአየር የሚመጣውን ደግሞ በዙሪያው ስልክ የያዘ ሁሉ ይካፈለዋል። በገበያ ቀን አይታችሁት የለ? ይሄኛው ብርሃን ነው የሚሸከመው። ብርሃን በዚህ ርቀት አይደክምም።»

«በቪዲዮ ስናወራስ አይቆምም?» አልሁት።

«መቀበሉ ብቻ ሳይሆን መላኩም ፈጣን ነው። እሷም እርስዎን ሳይቆራረጥ ታያለች» አለኝ።

አበልጄ ጎኔን በክርኗ ነካ አደረገችኝና የልጄን የስም ምልክት አሳየችኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ ባለሙያው ያለውን ችግር ነገረን። ከዋናው ገመድ የምትመጣው አንዲት ክር ምሰሶ ላይ በሚሰቀል ሣጥን ውስጥ ስምንት ቦታ ትከፈላለች፤ ስለዚህ በዚህ ዙር የሚገባው ስምንት ቤት ብቻ ነው። የቀረው ሁለተኛ ዙር ይጠብቃል፤ መቼ እንደሆነ ግን አይታወቅም። ሌላው ደግሞ መንገዳችን ጠባብ ስለሆነ ምሰሶ የሚተከልበት ቦታ የለም፤ አንድ ሰው ከግቢው ጥግ መስጠት አለበት።

እኔ ሰጠሁ። ጥጉ ላይ የኮክ ዛፍ ነበረኝ፤ ቆረጥሁት። ማንም አላስገደደኝም። ሠራተኞቹ ምሰሶውን ተክለው ሣጥኑን ሲሰቅሉ ሻይ እየቀዳሁ በደስታ ቆሜ አየሁ።

ስም የመሰብሰቡን ሥራ አበልጄ ያዘች። ፎቶ ኮፒው እሷ ዘንድ ነው፣ መታወቂያችንን የምታባዛው እሷ ናት፣ ቴሌ ጽሕፈት ቤት ለመመላለስም ከእኔ የተሻለ ጊዜ አላት። የማመልከቻውን ቀን ረፍዶብኝ ወደ ትምህርት ቤት ስሮጥ ከበሯ ላይ ጠራችኝ። ወረቀቱ ገና አልተጻፈም ነበር። «ፈርሚበትና ሂጂ፣ እኔ እሞላዋለሁ» አለችኝ። ፈረምሁ። «አንዱ ቢበላሽ ሌላ ይኑረኝ» ብላ ሁለተኛ ባዶ ወረቀት ሰጠችኝ። እሱንም ቆሜ ፈረምሁ። ሃያ ዓመት ያህል ቁልፌን የምሰጣት ሴት ናት፤ በፊርማዬ ምን እንዳታደርግ ልጠርጥር?

የሚያስገቡበት ቀን ቅዳሜ ነበር። ለልጄ «ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስልክሽን ይዘሽ ጠብቂኝ» ብዬ ጻፍሁላት። ጠረጴዛውን ከመስኮቱ ራቅ አድርጌ፣ ፊቴ ላይ ብርሃን እንዲያርፍ አስተካክዬ፣ የተሻለ ቀሚሴን ለብሼ ተቀመጥሁ። ባለሙያው ከሣጥኑ ላይ ቀጭን ገመድ እየጎተተ አንዱን ቤት ጨርሶ ወደ ሌላው ሄደ። ከእኔ ግቢ ምሰሶ ላይ እየተነሱ ገመዶቹ በጣሪያዬ አናት አለፉ። ስምንተኛውን ጨርሶ መሰላሉን ሲያጥፍ ወጣሁ።

«እኔንስ ረሱኝ?»

ወረቀቱን አገላበጠ። «ስምዎ የለም፣ እመቤቴ።»

«እንዴት ይሆናል? ምሰሶው እኮ ግቢዬ ውስጥ ነው የቆመው!»

ሰውዬው አፍሮ ወረቀቱን ሰጠኝ። ሰባቱን አውቃቸዋለሁ፤ አንዷ አበልጄ ናት። ስምንተኛው ላይ የአበልጄ ታናሽ ወንድም ስም ተጽፏል። ከአዲስ አበባ ሥራ አጥቶ ከተመለሰ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ ክፍል ተከራይቶ ልጆች በኢንተርኔት የሚጫወቱበት ጌም ቤት ሊከፍት መሆኑን ሰምቻለሁ። ቢሆንም ተሳስተው ነው ብዬ አሰብሁ። ወደ አበልጄ ሄድሁ።

ፊቷ ልውጥውጥ ብሏል። «ወይኔ! ወረቀትሽ እነሱ ጋ ጠፍቶ ይሆናል» አለች። «የወንድሜን ለሁለተኛው ዙር ነበር የሰጠኋቸው፣ ባንቺ ቦታ አስገብተውት ይሆናላ!» ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ስለነበር አዘንሁላት። ብታምኑም ባታምኑም ያጽናናኋት እኔ ነኝ። «ተይው፣ አንቺ ምን አጠፋሽ? ሰኞ ሄጄ እጠይቃለሁ» ብያት ወጣሁ። ለልጄም «ትንሽ ዘግይቷል» ብዬ ጻፍሁላት። አንብባዋለች፤ መልስ ግን አልሰጠችኝም።

ሰኞ ጽሕፈት ቤት ስሄድ መዝገብ የምትይዘው ሴት ፋይሉን አውጥታ አገላበጠችና ግራ ገብቷት አየችኝ።

«እርስዎ ራስዎ ትተውት የለም እንዴ?» አለችኝ። «ደብዳቤዎ እኮ አለ።»

አንዲት ገጽ ናት። «ልጄ ደሴ ስለምትማርና ቤት ውስጥ ብቻዬን ስለምኖር መሥመሩ አያስፈልገኝም። ተራዬ ለሌላ አመልካች እንዲሰጥልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።» ከሥሩ ፊርማ አለ። ፊርማው የእኔ ነው። ጽሕፈቱ የእሷ ነው፤ «ለ»ን እንዴት ጎንበስ እንደምታደርጋት፣ ነጥቦቿን እንዴት ጨፍልቃ እንደምትጥል አውቃለሁ። ልጄ ደሴ እንድትገባ የጻፍነውን ማመልከቻ የጻፈችልኝ በዚሁ እጇ ነው።

ፊርማዬን ሠርቃ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እኔው ነኝ የሰጠኋት። ደግሞም ምክንያት ሲጠፋ ልጄን ምክንያት አደረገቻት። ሴትዮዋን ለምኜ ኮፒ አስደረግሁና ይዤ ወጣሁ።

ሱቋ ስገባ ማሽኑ ወረቀት እየተፋ ነበር። ኮፒውን ክዳኑ ላይ አኖርሁላት። አየችው፣ ማሽኑን አጠፋች።

«ይህን የጻፉት አንቱ ነዎት?» አልኋት። አንቱ ብያት አላውቅም ነበር። ከአፌ እንዲሁ ወጣ።

በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ፣ «ወንድሜ ሊጠፋብኝ ነበር» አለች። «ሥራ የለው፣ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል፣ አረብ አገር በእግሬ እሄዳለሁ እያለ ያስፈራራኛል። አንቺ ደመወዝ አለሽ። ሁለተኛው ዙር ደግሞ ይመጣል። እስከዚያ በእኔ መሥመር እንድትጠቀሚ አስቤ ነበር፤ ከግድግዳው ማዶ ዋይፋዩ ይደርስሻል። የይለፍ ቃሉን አሁን ልጻፍልሽ።» እስክሪብቶ አነሳች።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«እምቢ ብትይኝስ?»

«እሺ ብልሽስ?»

ጎንበስ ብላ የይለፍ ቃሉን በብጣሽ ወረቀት ጻፈችና ወደ እኔ ገፋችው። እኔም እሺ እላት እንደነበር እምላለሁ ማለት አልችልም። ምናልባት አልላትም ነበር። ግን ጠይቃኝ እምቢ የማለት መብቱ የእኔ ነበር። ኮፒዬን አንስቼ፣ ብጣሹን ወረቀት ሳልወስድ ወጣሁ።

ወሬው በሰፈሩ ሲናኝ ከእኔ ሁለት ቤት ዘልቀው የሚኖሩት ሼኽ አስጠሩኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ ድሮ እህል ይነግዱ ነበር፤ ከስምንቱ አንዱ መሥመር የገባው እሳቸውና ልጆቻቸው በሚኖሩበት ቤት ነው።

«ነይ ግቢ፣ ልጄ» አሉኝ። «ሰማሁ፣ ወላሂ አዘንሁ። እኔ መሥመሬን ይውሰዱላት ብዬ ነበር፣ ልጆቼ አይሆንም አሉኝ፤ ለትምህርታቸው ነው። ሳሎኑ ግን የእኔ ነው። እሑድ ከሰዓት ማንም አይገባበትም። መጥተሽ ልጅሽን አነጋግሪ። አብሽሪ፣ ይሄም ያልፋል።»

«አባባ፣ አላስቸግርዎትም?»

«እኔ ምን እቸገራለሁ! እናንተ የምታወሩት በእጅ አይደል፣ እንቅልፌን አትረብሹኝ» ብለው ሳቁ።

የመጀመሪያው እሑድ ያንኑ የተሻለ ቀሚሴን ለብሼ ሄድሁ፤ ምራታቸው ስልኬን መጽሐፍ ላይ አስደግፋ አቆመችልኝና በሩን ዘግታልኝ ወጣች። ልጄ ብቅ አለች። እንዲህ አይቻት አላውቅም። ግንባሯ ላይ የወጣችው ብጉር፣ የአንገት ሐብሏ፣ ከኋላዋ ያለው መጋረጃ አበባ ሁሉ ይታያል። እጇ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ ተንቀሳቀሰ። ሁለቱም እጄ ነጻ ነው። ደስ ብሎኝ «ይታይሻል?» አልኋት በምልክት።

«ይታየኛል» አለች። ፈገግ አላለችም። «ለምን አያስፈልገኝም አልሽ?»

ያልገባኝ መሰለኝ፤ ድገሚልኝ አልኋት። እንደገና፣ ቀስ አድርጋ ደገመችልኝ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ተሳስቻለሁ የምልበት ምክንያት የለም።

«ማን ነገረሽ?»

ሁለት ጣቷን አጥፋ ዓይኗ ላይ አደረገች።

እየቆየች ነገረችኝ። ያን ቅዳሜ ስልኳን ይዛ ስትጠብቅ መጀመሪያ የደወለችላት አበልጄ ናት። አዲሱን መሥመር ሞክራበት ነበር። ልጄ «እናቴስ?» ስትላት፣ ሠላሳ ምልክቷ አልበቃ ስላላት ወረቀት ላይ ጽፋ ካሜራው ፊት ያዘችላት። «እናትሽ ለጊዜው አያስፈልገኝም ብላለች፣ ከእኔ ጋር እናወራለን» ይላል። ልጄ ሳምንቱን ሁሉ ይህን ይዛ ነው የከረመችው። መልስ ያልሰጠችኝ ለካ ስለዚህ ነው።

ወንድሟን ማስገባቷ ይገባኛል ብዬ ልናገር እችላለሁ። ለወንድም ሲባል ሰው ብዙ ያደርጋል። ይህን ግን ለማን ብላ አደረገችው?

ኮፒው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ለልጄ ላሳያት አላሰብሁም ነበር፤ አበልጄን እንድትጠላት አልፈልግም። ግን ከእኔና ከእሷ አንዳችን ውሸታም መሆናችን ነው። አውጥቼ ካሜራው ፊት ዘረጋሁላት። በዚያ መሥመር ፊደሉ አንድ በአንድ ይነበባል። ዓይኖቿ ከመሥመር መሥመር ሲሄዱ አየሁ። ፊርማው ላይ ደረሰች፣ ተመልሳ ወደ ላይ ወጣች። ጽሕፈቱን አወቀችው። እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ብዙ ደቂቃ ቆየች። እኛ ዝም የምንለው እንዲህ ነው። ከዚያ «ቀሚስሽ ያምራል» አለችኝ፤ እኔም አለቀስሁ፣ እሷም አለቀሰች። ሼኹ ከውጭ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ምራታቸውን ውኃ ውሰጅላት ሲሏት ሰማሁ።

ሁለተኛው ዙር ፋሲካ ሳይደርስ መጣ። ዋናው መንገድ ላይ ሌላ ሣጥን ተሰቀለና ቤቴ ገባልኝ፤ ማመልከቻውን ራሴ ጻፍሁ፣ ራሴ ወስጄ ሰጠሁ። ከልጄ ጋር አሁን በየቀኑ እናወራለን፤ አንዳንዴ እንዲሁ ከፍተነው እሷ ታጠናለች፣ እኔ ደብተር አርማለሁ። የወንድምየው ጌም ቤት ከጥቂት ወራት በኋላ ተዘጋ፤ እሱም ወጥቶ ሄደ፣ ወዴት እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ክረምት ላይ ልጄ መጥታ ብቻዋን ፎቶ ኮፒ ቤት ገባች። ብዙ ቆየች። ስትመለስ ምን አለችሽ አልኋት።

«አለቀሰች» አለችኝ። «ነይ፣ ብዪ፣ ቆንጆ፣ ዝናብ እያለች ደጋገመችልኝ። ሌላ አታውቅም። ይቅርታ የሚለውን አስተምሪኝ ብላ ጻፈችልኝ።»

«አስተማርሻት?»

«አዎ» አለች። «ቀላል ነው እኮ።»

ተቆጣኋት። ለምን እንደተቆጣሁ እስካሁን አላውቅም፤ ልጅቷ ጥፋት የለባትም። በማግሥቱ አበልጄ በራችን ላይ መጥታ ቆመች። አንገቷን ደፍታ የተማረችውን ምልክት ሠራች፣ ለእኔ፣ ለምሰማው ሰው፣ በእጇ። ትክክል ነው የሠራችው። ልጄ ከኋላዬ ሆና ትመለከተናለች።

«አየሁት» አልኋት። ግቢ ግን አላልኋትም። ትንሽ ቆማ ሄደች። የንስሐ አባቴ የእርቁን ቀን ቁረጪ እያሉ ይጠይቁኛል፤ እኔም ገና ነው እላቸዋለሁ።